ሰሜን ተራሮች ወይስ ባሌ? መጀመሪያ ወሩን ንገሩኝ

ሰሜን ተራሮች ይሻላል ወይስ ባሌ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እረፍትህ መቼ ነው? ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓርኩን ይመርጥና አለቃው በፈቀደለት ሳምንት ይሄዳል። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ሲያይ ይከርምና "ዋልያ የሚባለው ነገር ወሬ ነው" እያለ ይመለሳል። ዋልያው አለ። ሰውየው ነው በሐምሌ የሄደው።

እነዚህ ሁለት ፓርኮች በካርታ ላይ ብቻ አይደለም የሚራራቁት። የዝናባቸው ወር ይለያል፣ እንስሳቸው ይለያል፣ እንስሳው የሚዋለድበትና የሚደባደብበት ጊዜም ይለያል። ስለዚህ ምርጫችሁን ከፓርኩ ሳይሆን ከወሩና ማየት ከምትፈልጉት እንስሳ ጀምሩ። ፓርኩ ራሱ ተመርጦ ይመጣል።

አንዴ በአጭሩ ላስተዋውቃቸው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደባርቅ በኩል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ገደል ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እዚህ ይሂድ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ መግቢያው ዲንሾ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ገና በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። እዚህ ገደል ሳይሆን ሜዳ ነው የምታዩት፤ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋው የሳነቴ ሜዳ። ከሜዳው ወዲያ ማዶ ደግሞ የሀረና ጫካ አለ።

ምን ለማየት ነው የምትሄዱት?

ዋልያ ከሆነ ክርክር የለም፣ ሰሜን ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ስሙን የወሰደለት እንስሳ የሚኖረው እዚያው ገደል ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክፉኛ ቀንሷል። በደንብ የሚታየው ጨነቅ በሚባለው ካምፕ አካባቢ ነው፤ ወደ 3,600 ሜትር ላይ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን መምታት ስትጀምር ለመሞቅ ይወጣል። ቀኑ ሲሞቅ ወደ ጥላው ይገባል፣ ወደ ማታ እንደገና ብቅ ይላል።

ጥቅምት ለዋልያ ምርጥ ወር ነው ይባላል። ለዕይታ ብቻ ከሆነ እውነት ነው። አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ በክረምቱ ማብቂያ አካባቢ የተወለዱ ግልገሎችም እናታቸውን ሲከተሉ ይታያሉ። ወንዶቹ ቀንድ ለቀንድ ሲጋጩ ማየት ለሚፈልግ ግን ጥቅምት አይሆንም። የዋልያ ድሪያ የሚደምቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በሌላው ወር ወንዱ ለብቻው፣ እናቶችና ግልገሎች ለብቻቸው ይውላሉ። በዚህ ጊዜ ግን ይቀላቀላሉ፤ ትልልቆቹ ወንዶችም ይፋጠጣሉ። በተቃራኒው በመጋቢትና በሚያዝያ አየሩ አቧራማ ነው፣ ሣሩ ደርቋል፣ ሩቁ ተራራ በጭጋግ ተጋርዷል። የፎቶ ሰው ከሆናችሁ ጥቅምት ወይም ኅዳር። የእንስሳት ጠባይ የሚማርካችሁ ከሆነ መጋቢት መጨረሻ። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማግኘት አይቻልም።

ጭላዳ ዝንጀሮ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከጥሩ ወር ውጭ ሄዳችሁም ታዩታላችሁ። ሳንቃበር ሳትደርሱ፣ ቡይት ራስ አካባቢ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይገኛል። ሌሊት ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ በብርድ መንቀጥቀጥ አይጠበቅባችሁም። 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ይበቃል።

የጭላዳ ኑሮ ግን በወቅቱ በጣም ይለዋወጣል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ በዋናነት ሣር በልቶ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ለምለሙን ሣር በጣቱ እየነጨ ይበላል፤ ጥጋብ ነው። ሲጠግብ ደግሞ ጊዜ ይተርፈዋል፣ ቅማል መለቃቀም፣ መጫወት፣ መጣላት ይበዛል። የካቲት ሲደርስ ሣሩ ይደርቃል። ያኔ መሬት እየቆፈረ ሥር ያወጣል፤ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ለጨዋታው ጊዜ የለውም። ስለዚህ ጭላዳን "በኑሮው ሞቅታ" ማየት የፈለገ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይሂድ። በነገራችን ላይ ይህ ወቅት ገብሱ የሚደርስበት ነው። የአካባቢው ልጆች ቀኑን ሙሉ ጅራፍ እያጮሁ ማሳ ይጠብቃሉ። ለቱሪስት የሚያምረው መንጋ ለገበሬው የዓመት ቀለብ ላይ የመጣ ወራሪ ነው፤ ስትስቁ ይህንንም አስቡ። ዳቦም አትስጧቸው። መኪና ባየ ቁጥር የሚሮጥ ጭላዳ የሚፈጠረው እንደዚያ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከሆነ ጉዳዩ፣ ወደ ባሌ ሂዱ። ሰሜንም አለ፤ ግን ጥቂት ነው፣ ዕድል ይፈልጋል። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ቢሆኑ ነው፣ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። ሳነቴ ሜዳ ላይና በወብ ሸለቆ ደህና ቀን ካገኛችሁ በመኪና መስኮት ታዩታላችሁ። እዚህ ሀገር ይህን ያህል ብርቅ የሆነ አውሬ እንዲህ በቀላሉ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ምክንያቱ አይጥ ነው። ሳነቴ ላይ አይጡና ፍልፈሉ መቁጠር ያስቸግራል። በተለይ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ለቀበሮው ዋና ቀለብ ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር ይበላል፣ ቀበሮው ደግሞ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እየተሳበ ይጠጋዋል። አይጦቹ የሚወጡት ቀን ስለሆነ ቀበሮውም የቀን አዳኝ ነው። መንጋው ጠዋትና ማታ ተሰብስቦ ወሰኑን ያስከብራል። አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው።

ስለዚህ ወቅቱ እዚህ ላይ ይገባል። ቀይ ቀበሮ የሚጣመረው ከነሐሴ እስከ ኅዳር ነው፤ ቡችሎቹ የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ከጉድጓድ የሚወጡት ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላቸው ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ቡችሎችን ለማየት ተመራጭ ነው። ልጆቹን የሚያሳድገው መንጋው በሙሉ ነው፤ አይጥ ይዞ የሚመጣው አባትና እናት ብቻ አይደሉም፣ አጎትና አክስትም ይሠራሉ። ጉድጓዱን ካገኛችሁ ግን ሩቅ ቁሙ። ከተጠጋችሁ እናቲቱ ልጆቿን ተሸክማ ቦታ ትቀይራለች። አስጎብኚው "እዚህ ይበቃል" ሲላችሁ ሁለት እርምጃ ለመጨመር አትለማመጡት።

የደጋ አጋዘን የሚታየውም ባሌ ነው። እሱን ለማየት ወር መምረጥ አያስፈልግም ብል ይቀላል። የዲንሾ ጽሕፈት ቤት ጥድና ኮሶ መሃል ነው፤ አጋዘኑ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደ ሰፈር በግ ይዞራል። ጠመዝማዛ ቀንድ ያለውን ትልቁን ወንድ ለማየት ደግሞ ጠዋት ወይም ማታ ወደ ጋይሳይ ሜዳ ውረዱ። ከርከሮና የምኒልክ ድኩላም አብረው ይኖራሉ። ግልገሎች የሚበዙት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው።

ዝናቡ ሁለቱን እኩል አይመታም

ሰሜን ላይ ክረምቱ አንድ ነው። ሰኔ ይገባል፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ይወጣል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለጉብኝት ምንም አይረባም፤ ገደሉ በጉም ተሞልቶ የቆማችሁበት ጫፍ ራሱ አይታያችሁም። እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል ጫፍ ድረስ ደክማችሁ ወጥታችሁ ነጭ ግድግዳ ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። መንገዱም ይንሸራተታል። ግን ዝናቡ ሲቆም፣ ከመስቀል ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ከዚህ የሚበልጥ ወቅት የለም። ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው ፈክቷል፣ የጅንባር ፏፏቴም ሙሉ ነው። ጥር ላይ ሄዶ ፏፏቴው እንደ ክር ቀጥኖ አገኘሁት ብሎ የሚያማርር ሰው አጋጥሞኛል። ፏፏቴው ምን ያድርግ!

ባሌ ላይ ግን ዝናቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ቶሎም አይለቅም። ከመጋቢት ጀምሮ በልጉ ይመጣል፣ ትንሽ ቀለል ይልና ክረምቱ ይቀጥላል፣ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ "ጥቅምት ነው፣ ዝናብ አብቅቷል" የሚለው የሰሜን ሒሳብ ባሌ ላይ አይሠራም። ሳነቴ ላይ በጥቅምት አጋማሽ በረዶ ቀላቅሎ ሊዘንብባችሁ ይችላል። የባሌ ደህና ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ናቸው። ሀረና ጫካ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ከሳነቴ ወደ ሪራና ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃው አይጣል ነው፤ ጠንካራ መኪና ከሌላችሁ በበጋ ብቻ አስቡት። ኅዳር ላይ ከሄዳችሁ የጫካው ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። የባሌ ጦጣም ቀርከሃው ውስጥ አለች፤ በዓለም ላይ ቀርከሃ ዋና ምግባቸው ከሆነ ጥቂት የጦጣ ዓይነቶች አንዷ ናት። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ያያታል።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ክረምት ብርድ፣ በጋ ሙቀት ነው ብሎ ያስባል። ተራራ ላይ ሌሊቱ ተቃራኒ ነው። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ያለብሳል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱ ሁሉ ሌሊት ይወጣል፣ ውርጭ ይወርዳል። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ጅብራው እንኳ ሌሊት ቅጠሉን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል። እናንተም በቲሸርትና በነጠላ ጃኬት አትሂዱ። ጋቢ ይዞ የመጣን ሰው ማንም አይስቅበትም፣ ሌሊት ላይ ሁሉም ይቀናበታል።

ይህ ውርጭ ለእንስሳት ማየትም ይጠቅማል። በጥር ጠዋት ሳነቴ ላይ መሬቱ ነጭ ሆኖ ይነጋል። አይጡ ፀሐይ እስክትሞቅ አይወጣም፤ አይጡ ካልወጣ ቀበሮውም አደን አይጀምርም። ስለዚህ ከጎባ ወይም ከሮቤ ሌሊት ተነስቶ መሮጥ ብዙም ትርፍ የለውም። 3 ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ድረሱ፤ እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው።

ከየካቲት በኋላ ስላለው ጊዜ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ደርቋል፣ ንፋሱ ይበረታል፣ እሳት በቀላሉ ይነሳል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ላይ የተነሳው ቃጠሎ ሳምንታት ፈጅቶ፣ እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል ድረስ መጥተው ነው የጠፋው። ባሌም በየበጋው ይህ ፈተና አለበት። ድንኳን ዘርግታችሁ እሳት ማንደድ ካማራችሁ ቡድናችሁ የተፈቀደውን ቦታ ይጠይቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ቁራጩን ኪሱ ይክተት።

ከውጭ ለሚመጡ

በሐምሌና ነሐሴ ልጆቹን ይዞ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነዋ። ለእነሱ እቅጩን ልንገራቸው፤ ሰሜንን ተዉት። ባሌም ይዘንባል፣ ግን ዲንሾ ላይ አጋዘን ለማየት ጥሩ ሰማይ አያስፈልግም። የዝናብ ካፖርት ለብሳችሁ በግቢው ጫካ ውስጥ ትዞራላችሁ፣ ልጆቹ በደንብ ይደሰታሉ። ሳነቴን ፀሐይ ያለበት ጠዋት ከተገኘ ብቻ ሞክሩት።

ለገናና ለጥምቀት የሚመጣ ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ሁለቱም ፓርኮች ጥሩ ናቸው። ሰሜን ላይ ችግሩ ጥምቀት ራሱ ነው። ጎንደር በጥር 11 ሳምንት አልጋ አይገኝባትም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ወይ ፓርኩን ከበዓሉ በፊት ጨርሱ፣ ወይ ጥር 15 ካለፈ በኋላ ውጡ። ከእስራኤል በዳስ በዓል ሰሞን የምትመጡ ደግሞ ሳታስቡት ምርጡ የሰሜን ወቅት ላይ ትወድቃላችሁ።

መንገድ፣ ከፍታ፣ ጸጥታ

ሰሜን የእግር ፓርክ ነው። መኪና እስከ ጨነቅ ይደርሳል፤ ግን ወደ ግጭና ወደ እሜት ጎጎ ስትሄዱ ነው ሰሜን ሰሜን የሚሆነው። ደባርቅ ላይ ትመዘገባላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ አስጎብኚና በቅሎ ትከራያላችሁ። ራስ ዳሽን ላይ ለመውጣት ከፈለጋችሁ ቀናት ጨምሩ። 4,533 ሜትር ነው፤ ከቧሂት ማዶ ወርዶ እንደገና መውጣት ስላለ ጉልበት ይፈልጋል። ለእንስሳ ብቻ ብላችሁ ግን አትሂዱበት። ዋልያውም ጭላዳውም ከዚያ በፊት ባለው መንገድ ይበዛል።

ባሌ በመኪና ይሆናል። ከጎባ የሚነሳው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ ሳለ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል። አዛውንት ወላጅ ወይም ትንንሽ ልጆች ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አደጋም አለው። ሰሜን ላይ በእግራችሁ ቀስ እያላችሁ ስለምትወጡ ሰውነታችሁ ይለምደዋል። ባሌ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ2,700 ሜትር ወደ 4,000 ትወረወራላችሁ። ራስ ይፈልጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሕመሙ ከጠና ውረዱ። ወርዶ መዳን እንጂ "ትንሽ ልታገስ" የሚባል ነገር የለም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ።

ስለ ጸጥታው ዝም ማለት አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ ወደ ሰሜን የሚደረግ ጉዞ እንደ ድሮው አይደለም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጎንደር ወይም ደባርቅ ላለ ለምታውቁት ሰው ደውሉ። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን አትመኑ፣ የዚያን ሳምንት ሁኔታ የሚያውቀው እዚያ ያለ ሰው ነው። በየብስ ወደ ባሌ የምትሄዱም ብትሆኑ ጠይቃችሁ ተነሱ።

ሁለቱም ካልተመቻቸሁ

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። መንዝ ጓሳ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ይደረሳል። ፓርክ ሳይሆን የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ትውልድ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ የጓሳ ሣር ሜዳ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አንድ ሜዳ ላይ ይውላሉ። ቀበሮው ጭላዳዎቹ መሃል ገብቶ ሲያድን ብዙ አይጥ ይይዛል፣ እነሱም ዞር በል አይሉትም። ዋልያ የለም፣ አጋዘን የለም፣ ምቾትም ያን ያህል የለም። የጸጥታው ነገር እዚያም ይመለከታል፣ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ግን አራት ቀን ብቻ ያለው የአዲስ አበባ ሰው በታኅሣሥ ከሦስቱ አንዱን ምረጥልኝ ቢለኝ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ጓሳን አስቀድማለሁ።

አንድ ሳምንት ላለው ሰው ፍርዴ ይህ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ከሆነ ሰሜን። ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ ባሌ፤ ሳነቴ ላይ ቢያንስ ሁለት ጠዋት ያዙ፣ አንዱ በንፋስ ሊበላሽ ይችላል። መጋቢት ከሆነና አቧራው ካላስጨነቃችሁ የዋልያ ግጭት። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ዲንሾ፣ ያውም የዝናብ ጫማ ይዛችሁ። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ፣ በየትኛውም ወር ቢሆን፣ ውሻውን ቤት ያስቀምጥ። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ የጨረሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ለዚህ ነው በአካባቢው ያሉ ውሾች ክትባት የሚሰጣቸው።